ርስቱ የእርሷ፣ እርፉ የእርሱ

በጎንደር ዘመነ መንግሥትና ከዚያም በኋላ በየአድባራቱ የተጻፉትን የብራና መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው፣ በወንጌሉ ኅዳግ ወይም በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ከመጽሐፉ ቃል ጋራ የማይገናኝ ሌላ ጽሕፈት ያገኛል፤ ይኸውም እገሌ ከእገሌ ይህን መሬት በዚህን ያህል ወርቅ እንደ ገዛ፣ ዋሱ ማን፣ እማኙም ማን እንደ ነበረ የሚናገር፣ ውሉን የሚያፈርስ ቢነሣም በካህናት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ የመሬት ውል ነው። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ እነዚህን የኅዳግ ውሎች ሲመረምሩ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ከሻጮቹም ከገዥዎቹም ከአውራሾቹም መካከል ጥቂት የማይባሉት ሴቶች እንደ ነበሩ አሳዩ። በዚያ ዘመን በብዙው የአውሮፓ ክፍል ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል ለመዋዋል እንደማትችል የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ ባለ ትዳር ሴት ሀብቷን በገዛ ስሟ ለመያዝ የበቃችው እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ ነው።

ይህን የጠቀስሁት ግን ለትምክሕት አይደለም። መሬት ከመውረስና ከመሸጥ ከጥንት ጀምሮ ያልተከለከለች የደገኛው አገር ሴት፣ በኑሮዋ ከወንዱ በታች ሆና የኖረችው በምን ምክንያት እንደ ሆነ መጠየቅ ስለሚገባ ነው። የወንድንና የሴትን አለመተካከል የሚመረምሩት የሶሲዮሎጂ ሊቃውንት፣ በተለይም ፌሚኒስት የሚባሉት፣ ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል፤ የእኛ ደጋ ግን ከመልሶቻቸው አንዱን ያጸናል፣ አንዱን ያናጋል፣ አንዱንም ሳይመልስ ይተወዋል።

ስለ እቴጌዎቹና ስለ ወይዛዝርቱ ብዙ ማለት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋራ ዘውድ የጫኑት እቴጌ ምንትዋብ ለቍስቋም ደብር የተከሉት መሬት፣ ያዘዙበትም ሥልጣን የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ የንግሥት ሀብት የአገሩን ሴት ሁሉ ኑሮ አያስረዳም። ይበልጥ የሚያስደንቀው የተራዋ ባላገር መብት ነው። በጎጃምም በበጌምድርም በሰሜን ሸዋም ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወርድ ድርሻ ሲሆን፣ ከእርሱ የተወለደ ሁሉ ወንድም ሴትም ሳይባል ይካፈለው ነበር። ተከራካሪው በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱ፣ በእናቱም እናት በኩል ሐረጉን እየቈጠረ እስከ አቅኚው አባት ለመድረስ ይችል ነበር፤ በሐረጉ መካከል የሴት ስም ቢገባ ሐረጉ አይበጠስም ነበር። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጠው ይህን ሥርዓት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ አንድ ሰው በስም የሚቈጥረው የርስት መብት ብዙ ሲሆን በእጁ የሚገባው ግን ተከራክሮ የረታው፣ የረታውንም አርሶ የያዘው ብቻ ነው። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙሽራይቱ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ በተወለደችበት ቀዬ የቀረውን ድርሻዋን ወንድሟ ያርስላታል፤ ዘመን ባለፈ ቍጥርም «ያርስላታል» የተባለው «ያርሰዋል» ወደ መባል ይለወጣል፣ ልጆቿም አድገው የእናታችንን ድርሻ ሲሉ አጎታቸውን በዳኛ ፊት ማቆም ግድ ይሆንባቸዋል።

ጋብቻውም ቢሆን ሴቲቱን ባዶ እጇን የሚያስቀር አልነበረም። ካህናቱና አንዳንድ ሽማግሌዎች በሥጋ ወደሙ ከሚታሰሩበት ከቍርባን ጋብቻና ለጊዜው በክፍያ ከሚደረገው ከደሞዝ ጋብቻ ይልቅ ብዙኃኑ ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። በሰማንያ ውል ሁለቱ ወገኖች ለልጆቻቸው የሚሰጡትን ከብትና እህል በሽማግሌ ፊት ያስቈጥራሉ፤ እያንዳንዱ ይዞት የመጣው ርስት የራሱ እንደ ሆነ ይኖራል፤ በትዳር ላይ ያፈሩት ግን የሁለቱም ነው። ፍቺ በመጣ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በደጁ ተቀምጠው ከጎተራው እህል ጀምሮ እስከ ምጣዱና እስከ እንስራው ድረስ እያስወጡ ያካፍላሉ፤ ላሟና ጥጃዋ ሳይለያዩ ለአንዱ ቢደርሱ ለሌላው በግ ይታከልለታል። ጥማድ በሬ የነበራቸው እንደ ሆነ ግን አንዱ በሬ ለባል፣ አንዱ ለሚስት ይደርሳል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከወዴት ይገኛል ይባል ይሆናል። ነገር ግን ባልዮው ያንን አንድ በሬ ይዞ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ ተራ በተራ ሲያርስ፣ ሚስትዮዋ ያንኑ አንድ በሬ ይዛ የምትቀናጀው የለም፤ እርፍ የሚጨብጥ እጅ አላመጣችምና። ስለዚህ ወይ ትሸጠዋለች፣ ወይ ለሚያርስ ሰው ትሰጠዋለች፣ ወይም ሌላ ባል ታገባለች።

በደጋው አገር ሴት አታርስም። ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ ታጭዳለች፣ ጭድና እበት ትሸከማለች፣ ለአራሹ ምሳ ታደርሳለች፤ እርፉን ግን አትነካም። ይህ ሥርዓት በየትም ቦታ በጽሑፍ አልተደነገገም፤ ካልተጻፉት ሕጎች መካከል ግን እንደዚህ የጸና ጥቂት ነው። የጉልበት ማነስ ነው የሚሉ አሉ። ከበሬዎቹ ኋላ ቀኑን ሙሉ እርፍ ተጭኖ መዋል ጽኑ ጉልበት እንደሚፈልግ አልክድም፤ ቢሆንም የእኛ ሞፈር ከጫፉ ማረሻና ከወገሉ በቀር እንጨት ሲሆን፣ አራሹ ማታ ከቀንበሩ ጋራ በትከሻው ተሸክሞት የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው፤ በዚያው መንገድ የምታልፈው ሴት በጀርባዋ ያዘለችው ውሃ የሞላ እንስራ ከሞፈሩ የቀለለ ላይሆን ይችላል። ገና ዐሥር ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ እርፍ መጨበጥ ሲማር የሠላሳ ዓመቷ እናቱ የምትከለከለው ስለ ጉልበት ነው ማለት እንግዲህ አያስኬድም።

እዚህ ላይ ኤስተር ቦዘሩፕ የተባሉትን ዴንማርካዊት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማንሣት ይገባል። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ስመ ጥር መጽሐፋቸው፣ መሬቱ በመኰትኰቻ በሚለማበት በብዙው የአፍሪካ ክፍል ሴት ዋና ገበሬ ስትሆን፣ በሬና ማረሻ በገባበት አገር ሁሉ እርሻው የወንድ ሥራ ሆኖ ሴቲቱ ወደ ቤት እንደምትገፋ፣ ክብሯም በዚያው መጠን እንደሚቀንስ አስረዱ። ከኢትዮጵያ በቀር ከሰሐራ በታች በቀደመው ዘመን ማረሻ የለመደ አገር ስላልነበረ፣ የእኛ ደጋ ለዚህ ሐሳብ እንደ መፈተኛ ይቈጠራል። በአንድ ወገን ያጸናዋል፤ እርፉ በእውነት የወንድ ነው። በሌላ ወገን ግን እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጃክ ጉዲ ያስተዋሉት ነገር አለ፤ ማረሻ ያለበት ኅብረተሰብ ሀብቱን ለወንድም ለሴትም ልጅ ያወርሳል፣ መሬት ብርቅ በሆነበት አገር አባት ሴት ልጁ ከማዕርጓ እንድትወርድ አይወድምና። እንግዲህ ያው አንድ መሣሪያ በአንድ እጁ ርስት ይሰጣታል፣ በሌላው እጁ ርስቷን በራሷ እንዳትጠቀምበት ይከለክላታል። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ በደጋው የሰውን ሀብት የሚለየው ከመሬቱ ይልቅ የበሬው ነገር መሆኑን ማሳየታቸውም ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው፤ መሬት ያለ በሬ፣ በሬም ያለ አራሽ ለማንም አልበጀም።

ከዚህም የተነሣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት፣ አዋቂ ወንድ ልጅ ከሌላት፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እኩል አራሹ በሬውንና ጉልበቱን አምጥቶ ገምሶ ደግሞ ሠልሶ ይዘራል፤ ምርቱ አውድማ ላይ ሲደርስ እኩሌታውን ይወስዳል። ውሉ በወረቀት ሲታይ በሁለት ነጻ ሰዎች መካከል የተደረገ ነው፤ ነገር ግን መቼ እንደሚታረስ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ የማን ማሳ እንደሚቀድም የሚወስነው በሬ ያለው ስለ ሆነ፣ ዝናቡ በገባ ጊዜ አራሹ መጀመሪያ የራሱን ይዘራል፤ የእርሷ ጤፍ ዘግይቶ ይዘራል፣ ዘግይቶም ይበቅላል። አራሹ የሟቹ ባሏ ወንድም የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ «ሌላ ሰው አስገባለሁ» ብላ ለመናገር ድፍረት የምታገኘው ከስንት አንዷ ናት። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባለው ተረት ስለ ሴት ዕውቀት ከሚናገረው ይልቅ ስለዚህ ውል የሚናገረው ይልቃል ብዬ አስባለሁ።

የፈታች ሴት ሁሉ በዚህ ኑሮ አትጸናም ነበር። ብዙዎቹ ወደ ከተማ ወርደው ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው፣ እንጀራ ሸጠው ይኖሩ ነበርና በሰሜኑ ክፍል ባሉ ብዙ ከተሞች የሴቱ ቍጥር ከወንዱ ይበልጥ ነበር። ያ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሬኔ ዳቪድ በተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ የተረቀቀ ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሲጸና ቀድሞ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ ሻረው። ዘመናዊ ተብሎ በተመሰገነው በዚህ ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ የበላይ ነበረ፤ ሚስትም ሕግን የማይነካ ትእዛዙን ሁሉ መፈጸም ይገባት ነበር። በአንቀጽ 644 ባል የሚስቱን ግንኙነት ለመጠባበቅና ጠባይዋን ለመምራት ይችል ነበር። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል አገልጋይ ለማቅረብ ያልቻለ እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። ለጋብቻ የተወሰነው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ሆነ። የሚያስገርመው፣ ፈረንሳይ ራሷ የሚስትን የመታዘዝ ግዴታ ከሕጓ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1938፣ ማለት የእኛ ሕግ ከመታወጁ ከ22 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ የባል የቤተ ሰብ አለቅነት ግን እዚያም እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ቆይቷል። በሰማንያው ውል ላይ ያልነበረውን ትእዛዝ ዘመናዊው ሕግ በጽሑፍ አምጥቶ ተከለው ቢባል ግነት አይሆንም፤ በድሮው ትዳር ባል አያዝም ነበር ማለቴ ግን አይደለም፣ ያዝ የነበረው በጉልበቱና በልማድ እንጂ በአንቀጽ አልነበረም።

 

አንቀጽ 646 የቤቱን ሥራ ሲጠቅስ የደመወዝም የዕረፍትም ነገር አላነሣም፤ እንደ ሥራም አልቈጠረውም። አን ኦክሊ የተባለችው እንግሊዛዊት ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ባሳተመችው ጥናት የለንደንን የቤት እመቤቶች ስትጠይቅ፣ በሳምንት በአማካይ 77 ሰዓት የሚሠሩ ሆነው አገኘቻቸው። ያም ሆኖ የሙያዋ ሊቃውንት ስለ ፋብሪካው ሠራተኛ ብዙ ሲጽፉ የእነዚህን ሴቶች ድካም ሥራ ብለው ስላልመዘገቡት፣ ኦክሊ የወቀሰችው ባሎቹን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ጭምር ነው። የለንደኗ ሴት ዱቄቷን ከሱቅ ትገዛለች። የእኛዋ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ በወፍጮው ድንጋይ ፊት ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ደረቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘች የዕለቱን እህል ስትፈጭ ቈይታ ነው ወደ ውሃው የምትወርደው። ሞተር ወፍጮ እስኪገባ ድረስ፣ ከገባም በኋላ ከመንገድ በራቀው አገር ሁሉ፣ ባልዮው የሚያርሰው መሬት ያፈራውን እህል ወደ እንጀራ የሚለውጠው ይህ ድካም ነበር። ግብር የሚጥለው መንግሥት እህሉን ቈጠረ፣ መሬቱን በጋሻ ለካ፣ በሬውንም ጻፈ፤ ለወፍጮው ግን መዝገብ አልነበረውም።

በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ተማሪዎች ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1884 የጻፈውን የቤተ ሰብና የግል ሀብት ታሪክ ያነቡ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ ሴት የተሸነፈችው የግል ሀብት በመጣ ጊዜ ስለ ሆነ የግል ሀብት ሲጠፋ ነጻ ትወጣለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 31 የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አዋጁ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት በራሱ ጉልበት ለማረስ የሚፈቅድ ማንኛውም ሰው እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። በደቡቡ ክፍል ከባለ መሬት እጅ ወጥተው ለራሳቸው ማረስ ለጀመሩት ገባሮች ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ሊዘነጋም አይገባም።

ይሁን እንጂ ያው አዋጅ መሬቱን በሌላ ሰው ጉልበት በቅጥር ማሳረስን ሲከለክል፣ ከክልከላው ነጻ ካደረጋቸው መካከል ከበሽተኛውና ከሽማግሌው ጋራ ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ጨመራት። በራሱ ጉልበት ለሚያርስ ሁሉ መሬት ይሰጥ ባለው አዋጅ ውስጥ ሴት ከማያርሱት ጋራ ተቈጠረች፤ ሕግ አርቃቂዎቹ አራሹ ማን እንደ ሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። መሬቱም ሲደለደል ለቤተ ሰብ አለቃ ተሰጠ፣ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የተጻፈውም ባል ነው። ተመራማሪዋ ዘነበወርቅ ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ጥናቷ፣ መንዝ ገብታ የባላገር ሴቶችን ኑሮ ያጠናችው ሔለን ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ሚስት መሬት የምታገኘው በባሏ በኩል ሆነ፣ በተፋታችም ጊዜ የእርሻው መሬት ከባሏ ጋራ ቀረ። ርስት ሲሻር የባላባቱ ጉልት ብቻ አልተሻረም፤ «በእናቴ በአያቴ ይደርሰኛል» ብላ ወደ ተወለደችበት ቀዬ የምትመለስበት፣ ደካማም ቢሆን ከልደቷ ያገኘችው መብትም አብሮ ተሻረ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን በየቀበሌው ሲያደራጅ ይህን ጥያቄ አላነሣውም ማለት ይቻላል።

እርፉን ራሱን ለሴት ለማስጨበጥ የተደረገ ሙከራም ነበር፤ በ1970ዎቹ በትግራይ ገጠር ሴቶች እንዲያርሱ ማሠልጠን ተጀምሮ ኋላ ተተወ። ገበሬው አልተቀበለውም፤ ወፍጮውንና ውሃውን የሚቀንስላት ሳይኖር ማረሻ ቢታከልባት ለሴቲቱ ትርፉ ድካም እንደ ነበረም ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው በቅርብ የምናውቀው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 213 የባልን የበላይነትና የሚስትን መታዘዝ ከቤተ ሰብ ሕጉ አስወጥቶ የጋብቻውን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ሴቶች በስማቸው መሬት ያገኙ ሲሆን፣ ኋላም በታደለው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ጎንደር ላይ በብራና ኅዳግ ስሟ ይጻፍ የነበረች ሴት አሁን መልኳ ጭምር ተመዘገበ።

ደብተሩ ምን እንደ ለወጠ ተመራማሪው ስታይን ሆልደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ትግራይ ባወጡት ጥናት ይታያል። ደብተር የተቀበሉት ሴት አባወራዎች መሬታቸውን ለማከራየት ካልተቀበሉት ይልቅ ደፈሩ፤ ቀድሞ አከራይተው መሬቱ በዚያው እንዳይቀርባቸው ይፈሩ ነበርና። ለእኩል የሰጠችውን መሬት አራሹ አላግባብ ቢይዝባት አሁን በእጇ ማስረጃ አለ፤ የባሏ ወንድም ባይመቻት ሌላ ሰው ለማስገባት ትችላለች። ምርቱን የሚካፈሉበት ሥርዓት ግን አልተለወጠም፤ በሬና ጉልበት ያቀረበው ድርሻውን ይወስዳል፣ ቀድሞ የሚዘራውም የራሱን ማሳ ነው።